ውጤቷ ያልበቃ ልጅ ፋይል እንዴት ይነበባል?
(በማኅበራችን የመስከረም ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



ከሒሳብ ክፍል የምንመጣ ሰዎች እዚህ ስንቆም የምታውቁን የቁጠባና የብድር ሪፖርት ስናነብ ነው። ሪፖርቱ ታትሞ በእጃችሁ አለ፤ ዛሬ አናነበውም። ዛሬ የቆምነው የብድር ኮሚቴው መወሰን ያቃተውን አንድ ጉዳይ ይዘን ነው። ከሾኔ፣ ከዱራሜ፣ ከአንጋጫና ከዚሁ ከሆሳዕና ተመሳሳይ ማመልከቻዎች መጥተዋል። ቃላቸው ቢለያይም ሐሳባቸው አንድ ነው፦ «ልጄ የጥርስ ሐኪም መሆን ትፈልጋለች፤ ውጤቷ ግን አልበቃም። አንድ ዓመት ደግማ እንድትሞክር ማኅበሩ ይደግፈኝ።» ኮሚቴው ለበግ ማድለቢያ፣ ለቅቤ ንግድ፣ ለልብስ ስፌት መኪና ማበደር ያውቅበታል። አንድ ዓመት ተቀምጣ ለምታጠና ልጅ ግን አበድሮ አያውቅም። መያዣው ምንድን ነው? ትርፉ መቼ ይመጣል? ደግሞስ አንድ ጊዜ ያልሞላላት በሁለተኛው ይሞላላታል የሚለው ከየት መጣ? እነዚህ ሁሉ ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው።

መጀመሪያ ውድቀት የሚለውን ቃል እንመርምረው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ መሰጠት ከጀመረና ማለፊያው 50 በመቶ ከሆነ ወዲህ፣ በ2014 ተፈታኞች ውስጥ ያለፉት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነ። እያደገ ነው፤ ሆኖም አሁንም ከአሥር ልጆች ዘጠኙ ከመስመሩ በታች ናቸው። በ2015 አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1,300 በላይ ነበሩ። አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ አንድም ልጅ ካላለፈ ሰነፏ የእናንተ ልጅ ብቻ ናት ማለት አይቻልም። በሒሳብ ቋንቋ ብንናገረው፣ ሁሉም ቅርንጫፍ ሲከስር ኦዲተሩ ገንዘብ ያዡን ብቻ አይጠይቅም።

እኛ እዚህ ፊታችሁ የቆምነው በ10ኛ ክፍል ፈተና ተለይተን ወደ ቴክኒክና ሙያ የሄድን፣ በ10+3 ዲፕሎማ የያዝን ሰዎች ነን። ያ ፈተና ዛሬ የለም። በእኛ ጊዜ በዚያ ወረቀት መንገዱ ሁለት ላይ ተሰንጥቆ ያልቅ ነበር፤ መመለሻ የሚባል ነገር ብዙም አልነበረም። ለዛሬ ልጆች መመለሻዎች አሉ። ችግሩ በሮቹን የሚያሳያቸው ሰው አለመኖሩ ነው፤ ውጤት የወጣ ቀን ቤቱ ሁሉ ለቅሶ ቤት ይመስልና በሳምንቱ ልጅቷ ወደ ዓረብ አገር ደላላ ቤት ትገባለች።

አሁን ወደ ፋይሉ እንግባ። የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ የምትፈተነው ስድስት ትምህርት ነው፤ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂና አፕቲትዩድ። እያንዳንዱ ከመቶ፣ በድምሩ 600። ለምሳሌ ያህል አንዲት ልጅ እንግሊዝኛ 41፣ ሒሳብ 38፣ ፊዚክስ 44፣ ኬሚስትሪ 52፣ ባዮሎጂ 63፣ አፕቲትዩድ 49 አምጥታለች እንበል። ይህ የማንም ልጅ ውጤት አይደለም፤ እኛ ለማሳያ ያዘጋጀነው ነው። ድምሩ 287 ነው። ማለፊያው 300፤ የጎደላት 13 ነው። እናትየዋ የምታየው «ወደቀች» የሚለውን ብቻ ነው። እኛ ግን ዝርዝሩን ስናይ ባዮሎጂዋ ጤናማ እንደሆነ፣ ሒሳቧ እንደሚያፈስ፣ እንግሊዝኛዋ ደግሞ ሌላውን ሁሉ ወደ ታች እንደሚጎትት እናያለን።

እንግሊዝኛው ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ምክንያቱም ለእኛ አካባቢ ልጆች ዋናው ቀዳዳ እዚያ ነው። ሐድይሳ ወይም ከምባትሳ በቤት፣ አማርኛ በገበያና በቢሮ፣ እንግሊዝኛ ደግሞ በክፍል ውስጥ ብቻ። ስለዚህ ልጅቷ ፈተናው ላይ ስትቀመጥ የፊዚክሱን ጥያቄ ከመመለሷ በፊት ጥያቄው ምን እንደሚል መተርጎም አለባት። ጊዜው የሚያልቅባት እዚያ ነው። ደግማ የምትፈተን ልጅ ዓመቱን ሙሉ የባዮሎጂ መጽሐፏን ብቻ ስታገላብጥ ካየናት ገንዘባችን ባዶ እየሄደ ነው። ከ63 ወደ 76 መውጣት ከባድ ነው፤ ሒሳብን ከ38 ወደ 51 ማምጣት ግን መሠረቱን ከ9ኛና ከ10ኛ ክፍል መጽሐፍ ጀምሮ ለሚደግም ሰው የሚቻል ነው። ልጆች ግን የሚወዱትን ያጠናሉ። ሰው ነውና፣ ከሚያሸንፈው ጋር መጫወት ይወዳል።

እዚህ ላይ አንድ መራራ ነገር እንናገር። 300 በሩን ይከፍታል እንጂ የጥርስ ሕክምናን አያስገኝም። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ሕክምና ከአምስት ዓመት በላይ የሚፈጅ የዶክተርነት ትምህርት ነው፤ የሚቀበለው ቁጥር ትንሽ ነው፤ ሕክምና ያልደረሳቸው ጎበዝ ልጆችም ይሻሙበታል። ለረጅም ጊዜ ሲያስተምሩት የምናውቃቸው ጅማን፣ ጎንደርንና አዲስ አበባን የመሰሉ ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው። ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ በደጃችን መኖሩ ለብዙ ነገር በረከት ቢሆንም፣ ይህን የምትመኝ ልጅ ከቤት መውጣት ሊኖርባት እንደሚችል እናቷ ከአሁኑ ትወቅ። በማለፊያው ላይ 5 ወይም 10 ነጥብ ለመጨመር ብቻ አንድ ዓመት ማቃጠልና ለጥርስ ሕክምና የሚያበቃ ውጤት ለማምጣት መዘጋጀት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ የተለያየ ብድርም ይፈልጋሉ።

ታዲያ መንገዶቹ የትኞቹ ናቸው? አንደኛው በግል ተፈታኝነት ተመዝግቦ ፈተናውን ደግሞ መውሰድ ነው። ሁለተኛው ሬሜዲያል የሚባለው፣ ከ50 በታች ላመጡና በትምህርት ሚኒስቴር ለተመደቡ ተማሪዎች ከ2015 ጀምሮ የሚሰጠው የማካካሻ ትምህርት ነው። ሲጀመር እንደተነገረው 30 በመቶው በተቋሙ ምዘና፣ 70 በመቶው በማዕከል በሚዘጋጅ ፈተና ይያዛል፤ አልፋ የወጣች ልጅ ወደ አንደኛ ዓመት ትገባለች። ሬሜዲያል ዕድል ያገኘች ልጅ «እኔ የምፈልገው የጥርስ ሕክምና ነው» ብላ ዕድሉን ጥላ ቤት ስትቀመጥ ማየት ያሳዝነናል። ሆኖም የምትመኘው የሕክምና ዘርፍ ከሆነ፣ ከሬሜዲያል ለሚገቡ ተማሪዎች ምደባው በዚያ ዓመት እንዴት እንደሚሠራ ከዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ጠይቃ ትወስን። መመሪያው ከዓመት ዓመት ይለዋወጣል፤ የአምናዋ ጎረቤት የነገረቻት ለዘንድሮ ላይሠራ ይችላል።

ሦስተኛው ብዙዎች የማያዩት ነው። ዩኒቨርሲቲ ከተገባ በኋላ ያለው የመጀመሪያ ዓመት ራሱ ሁለተኛ ማመልከቻ ነው። ከ2012 ወዲህ አዲስ ገቢዎች መጀመሪያ የጋራ ኮርሶችን ይወስዳሉ፤ የትምህርት ክፍል ምርጫ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ውጤታቸውም ይቆጠራል። በ12ኛ ክፍል ፈተና መካከለኛ የነበረች ልጅ እዚህ ፋይሏን ማደስ ትችላለች። ግን አንድ ወጥመድ አለ። ሐኪም መሆን የምትፈልግ ልጅ ሎጂክን፣ ሳይኮሎጂን፣ የኢትዮጵያና የቀንዱን ጂኦግራፊ «ይሄ ለጥርስ ምን ይሠራል» ብላ ትንቃቸዋለች። ክሬዲት ሰዓቱ ግን አይንቃቸውም፤ ባለ ሦስት ክሬዲት ሎጂክ ላይ የገባ ሲ፣ ባለ ሦስት ክሬዲት ሒሳብ ላይ ከገባ ሲ ጋር እኩል ይጎትታል። ሌላም ስሌት እንጨምር፤ አንደኛ መንፈቅ 2.6 ያመጣች ልጅ፣ ክሬዲቱ እኩል ከሆነ፣ አማካይዋን 3.2 ለማድረስ በሁለተኛው 3.8 ያስፈልጋታል። 3.8 ማለት ሁሉንም ኤ ማለት ምንም አልቀረውም። ስለዚህ ልጅቷ ግቢ ገብታ እስክትላመድ፣ ናፍቆቱ እስኪወጣላት ብለን የምንተዋት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ናቸው ውድ የሚሆኑት። ለዚያ ጊዜ የሞባይል ካርድና የፎቶ ኮፒ ገንዘብ ብንልክላት ለሦስተኛ ዓመቷ ከምንልከው ይበልጥ ይጠቅማል።

የግል ኮሌጅ የሚለውም ይነሳል፤ በተለይ ደቡብ አፍሪካ ወንድም ያላቸው ቤተሰቦች ያነሱታል። እኛ አንቃወምም። ግን ሦስት ነገር ሳይታይ ብር አይከፈልም። ፕሮግራሙ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዕውቅና ያለው መሆኑ፣ ልጅቷ ያላት ውጤት በባለሥልጣኑ መስፈርት ለመግባት የሚያበቃ መሆኑ፣ ሙሉው ክፍያ እስከ መጨረሻው ዓመት ተሰልቶ መታየቱ። ምዝገባ ቢሮ ያለ ሰው «ግቢ፣ ይስተካከላል» ካለ አይስተካከልም። ማለፊያ ሳይኖራት የተመዘገበች ልጅ ዓመታት ከፍላ ስትጨርስ ወረቀቷ ላይረጋገጥላት ይችላል። ከዚያ በኋላም የጤና ባለሙያ የሙያ ፈቃድ ፈተና አለ። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ወጪ መጋራት ስላለ አብዛኛው ክፍያ ተመርቃ ሥራ ስትይዝ ከደመወዟ የሚቆረጥ ነው። ለሒሳብ ሠራተኛ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም፤ አንዱ ዛሬ በሬ ያሸጣል፣ ሌላው የነገ ዕዳ ነው።

ባሕር ማዶ ያላችሁ ደጋፊዎቻችን የምታውቁት ሌላ ዓይነት ነው። በአሜሪካ የጥርስ ትምህርት ቤት የሚያመለክት ልጅ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ ዲግሪ ይይዛል፤ ዳት የሚባል ፈተና ይወስዳል፤ የመምህራን የድጋፍ ደብዳቤ ያቀርባል፤ ክሊኒክ ውስጥ ቆሞ ሐኪም ሲሠራ ያየባቸውን ሰዓታት ይቆጥራል። ደካማ የሆነውን አንዱን በሌላው ይደግፋል። ካናዳ ውስጥ የመግቢያው ፈተና ለብዙ ዓመታት ሳሙና ማስቀረጽን ይጨምር ነበር፤ የእጅ ሥራ ችሎታን ለማየት ነው፤ በኋላ ቀርቷል። ይህን የሰማች አንዲት አባላችን «እንግዲያው ስፌት የሚሰፉ እናቶቻችን በአንድ ቀን ይገቡ ነበር» ብላ አስቃናለች። የእኛ አገር ምደባ ይህን ሁሉ አይጠይቅም፤ ነጥብ ነው የሚጠይቀው። ሰዓታቱን ግን እኛ ልንወስደው እንችላለን። ለጥርስ ሕክምና ብድር የምትጠይቅ ልጅ የጥርስ ክፍል ባለው ሆስፒታል ወይም ክሊኒክ አስፈቅዳ ጥቂት ቀን ሥራውን ብታይ፣ ደምና ሽታ መቻል አለመቻሏን፣ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብላ መቆም መውደድ አለመውደዷን ታውቀዋለች። ነጭ ጋውኑን ብቻ የወደደች ልጅ ካለች እኛም እሷም ቀድመን ብናውቅ ይሻላል።

ሥራው ግን ለአካባቢያችን ያስፈልጋል ወይ ካላችሁ፣ ያስፈልጋል። ሕፃን ሲያተኩሰውና ሲያስቀምጠው «ግግ ነው» ተብሎ ድዱ በማይታወቅ ብረት ሲሰነጠቅ ያላየ እዚህ አዳራሽ ውስጥ የለም። ከእኛ ደጋ ወረድ ሲባል ባለው ስምጥ ሸለቆ ደግሞ የጉድጓድ ውሃው ፍሎራይድ የበዛበት ቦታ ብዙ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይመክራል፤ ከዚያ በላይ ለዓመታት የጠጣ ልጅ ጥርሱ ይበልዛል፣ ሲብስም አጥንቱ ይጎዳል። ጥርሷ የበለዘ ልጃገረድ ስትስቅ አፏን በነጠላ ስትሸፍን ታዩ የለም? ይህን የሚያስረዳ፣ የሚያክም፣ ቋንቋችንን የሚናገር ሰው ቢኖረን መልካም ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ። በኮሚቴው ውስጥ አንዲት እናት በግልጽ ተናገሩ፦ «ያው ገንዘብ ለወንድሟ መንገድ ቢሆን በሁለት ዓመት ቤት ይሠራልን ነበር።» ይህን ንግግር አንንቀውም። ሆሳዕና ውስጥ ቆሞ ከደቡብ አፍሪካ የመጣ ብር ያልገነባውን ፎቅ ማሳየት ቀላል አይደለም፤ ከማኅበራችን ቁጠባም የተወሰነው ከዚያ የመጣ ነው። ነገር ግን ሒሳብ ሲሠራ የደረሱት ብቻ አይቆጠሩም። መጋቢት 2012 ሞዛምቢክ ውስጥ፣ ቴቴ በምትባል አውራጃ፣ በጭነት መኪና ኮንቴነር ውስጥ ታፍነው የሞቱ 64 ሰዎች ተገኝተዋል፤ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ልጅቷ ደግማ ተፈትና ባይሳካላት የምንከስረው የአንድ ዓመት ማስጠኛና የመመዝገቢያ ገንዘብ ነው። እሷ ግን ቤቷ ናት፤ የተማረችውም አይጠፋም።

ደግሞም ከገንዘቡ ይልቅ የሚወደደው ሰዓቱ ነው። ማመልከቻዎቹን ስናይ ለአስጠኚ፣ ለመጽሐፍ፣ ለቤት ኪራይ የተጠየቀው ብር በዝርዝር ተጽፏል፤ ልጅቷ በቀን ስንት ሰዓት ታጠናለች ለሚለው ግን መልስ የለም። ጠዋት ውሃ፣ ከዚያ ከብት፣ እንሰት ሲፋቅ እሷ፣ ቆጮ ሲጋገር እሷ፣ የገበያ ቀን እሷ፣ እንግዳ ሲመጣ ቡና የምታፈላው እሷ። ወንድሟ ሲፈተን «አትንኩት፣ ያጠናል» ይባላል። የከምባታዋ ቦጋለች ገብሬ ውሃ ልትቀዳ እየወጣች ተደብቃ ፊደል እንደቆጠረች ሲነገር ሁላችንም እናጨበጭባለን። ማይክሮባዮሎጂ እስከ ማጥናት ደርሳ ተመልሳ ለዚህ አካባቢ ሴቶች የሠራችውን እናውቃለን። ልጆቻችን ግን ዛሬም ተደብቀው እንዲያጠኑ ማድረግ የለብንም። ትልቁ ሆስፒታላችን የተሰየመው በሐድያዋ ንግሥት እሌኒ መሐመድ ስም መሆኑንም እግረ መንገዳችንን እናስታውስ፤ አገር ያስተዳደረች ሴት ናት።

ስለዚህ ኮሚቴው ያቀረበው ሐሳብ ይህ ነው። አሠራሩን የወሰድነው ከእናቶቻችን ዊጆ ነው። የአንዲት ሴት ወተት ለብቻው ተንጦ የሚረባ ቅቤ ስለማይወጣው ሁሉም ለአንዷ ያዋጣሉ፣ ተራው ይዞራል። ከተዘዋዋሪ ብድሩ ውስጥ የተወሰነው ለሁለተኛ ሙከራ ይለይ። ብድሩ በአንድ ጊዜ አይሰጥም፤ በየሦስት ወሩ ይለቀቃል፤ ልጅቷ በየሦስት ወሩ ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችን በሰዓት ተቀምጣ ትሠራለች፤ ውጤቷን በስድስቱም ትምህርት እናያለን። በመጀመሪያው ሦስት ወር ሒሳቡና እንግሊዝኛው ካልተነቃነቀ ከእናቷና ከእሷ ጋር ተቀምጠን መንገዱን እንቀይራለን፤ የሆሳዕና ጤና ሳይንስ ኮሌጅ አለ፣ ሌሎችም የሥልጠና ኮሌጆች አሉ፤ በደረጃ ሠልጥኖ፣ ሲኦሲ አልፎ፣ ሥራ ይዞ እየተማሩ መውጣትም መንገድ ነው። በዚህ ያፈረ የለም፤ እኛም ከዚያ የመጣን ነን። ለሁለተኛ ሙከራ ማበደር ለሦስተኛና ለአራተኛ ማበደር አይደለም። በዚህ ላይ ኮሚቴው ጥብቅ ነው፤ እኛም እንደግፈዋለን።

እናት ደግሞ የምትፈርመው ሁለት ወረቀት ነው፤ አንዱ የብድር ውል፣ ሁለተኛው የሰዓት ውል። በሁለተኛው ላይ በቀን ቢያንስ አምስት ሰዓት ልጅቷ ከቤት ሥራ ነፃ እንደምትሆን ይጻፋል፤ የሷን ድርሻ ማን እንደሚሠራም በስም ይጠቀሳል። ወንድም ካለ ወንድም። አንዳንዶቻችሁ እየሳቃችሁ ነው፤ ወረቀቱ ላይ ግን የወንድም መፈረሚያ ቦታ አለው።

ስለ ወረቀት ካነሳን፣ ስም። የልጅቷ ስም፣ የአባትና የአያት ስም በትራንስክሪፕቱ፣ በ12ኛ ክፍል ውጤቱ፣ በልደት ካርዱና በፋይዳው ላይ አንድ መሆኑን ዛሬውኑ እዩ፤ በተለይ በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ። በአንዱ ላይ አንድ ፊደል ተደርቦ በሌላው ካልተደረበ ማስተካከያው ወራት ይፈጃል፤ የምዝገባ ቀን ግን አይጠብቅም። ነጥብ ጎድሏት ሳይሆን ፊደል በዝቶባት የተጉላላች ልጅ ብናይ ያናድደናል።

ድምፅ የሚሰጠው ከሻይ በኋላ ነው። ሐሳቡ ካለፈ ማመልከቻ የምንቀበለው ከመስቀል ቀጥሎ ባለው ቅዳሜ ጠዋት በማኅበሩ ቢሮ ይሆናል። ከ9ኛ እስከ 12ኛ ያለውን ትራንስክሪፕት፣ የብሔራዊ ፈተናውን ውጤት በየትምህርቱ ተለይቶ፣ የልጅቷን ፋይዳ፣ እንዲሁም ልጅቷ ራሷ በእጇ የጻፈችውን አንድ ገጽ ይዛችሁ ኑ፤ ነጥብ የት እንደጎደላትና በየትኛው ወር ምን እንደምታጠና የሚገልጽ ነው። ገጹን እናት ወይም አስጠኚ እንዳይጽፍላት። በሐድይሳ ወይም በከምባትሳ ብትጽፈው ይመቻታል ካላችሁ ይቻላል፤ የሚያነብልን ሰው አለን።